«አሪፍ ነበር» አይበቃም

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ፣ እዚህ ሮቤ፣ ከወጣቶች ኅብረት በኋላ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ሰቅለን «ድፍረት»ን አየን። ላላያችሁት፦ የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ይጠልፏታል። ለማምለጥ ስትሞክር ባገኘችው ጠመንጃ ጠላፊዋን ትገድላለች። በነፍስ ግድያ ትከሰሳለች፤ አንዲት የሕግ ባለሙያ ጠበቃ ትሆንላታለች።

መብራቱ ሲበራ መሪያችን «እሺ፣ እንዴት ነበር?» አለ። መልሶቹን አስታውሳለሁ። «አሪፍ ነበር።» «መሐል ላይ ትንሽ ይንዛዛል።» «ልጅቷ ትወና ትችላለች።» «ከቱርኩ ድራማ ይሻላል።» ከዚያ አንድ ወንድም በጸሎት ዘጋ፤ ወንበር ሰበሰብን። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

ወደ ባጃጅ ስንሄድ ከእኅቶቻችን አንዷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ፣ «እናቴም ያገባችው እንዲህ ነው» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና፣ «አባቴን ደግሞ እወደዋለሁ። ይህን ለማን ነው የማወራው?» አለች። የምመልሰው ጠፋኝ። «እንጸልይበታለን» ብያት ተለያየን።

ይህን የምጽፈው በዚያ መልሴ ስላፈርኩ ነው። እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንዲት እኅት የእናቷን ሕይወት አንሶላ ላይ እያየች ሳለ፣ እኛ ስለ ፊልሙ ርዝመት እናወራ ነበር።

ታሪኩ የሩቅ አገር ታሪክ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው። ፊልሙ የተነሣበት እውነተኛ ጉዳይ የተፈጸመው በጎረቤታችን በአርሲ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው። የዚያች እኅት እናት የተጠለፈችው ከዚያ በፊት ነው። እናቷ ለምን እንዳልከሰሰች፣ ለምን ዝም ብላ እንደኖረች ለመረዳት ይህን አንድ ነገር ማወቅ ይረዳት ነበር። በዚያ ምሽት ግን ማንም አላነሣውም።

በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ፊልም ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ፊልም የዓለም ነው፤ ዝጉት» ይላል። የእነዚህን አባቶችና እናቶች ፍርሃት አልንቅም። በእርግጥ መዘጋት ያለበት ፊልም አለ፤ መዝሙር 101 በዓይናችን ፊት ስለምናኖረው ነገር የሚናገረው ለእኛም ነው። ነገር ግን ክልከላው ምን አፈራ? ፊልሙን አላስቆመውም፤ ከሳሎን አውጥቶ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገባው እንጂ። ከቴሌግራም አውርደን፣ ኢርፎን ሰክተን፣ ብቻችንን እናያለን። ብቻውን ያየ ሰው ደግሞ የገባውንም ያልገባውንም የሚጠይቀው የለም።

ጳውሎስ በአቴና ያደረገውን እናስታውስ። ከተማይቱ በጣዖት ተሞልታ ሲያይ መንፈሱ ተበሳጭቷል። ያም ሆኖ የሚያመልኩትን እየተዘዋወረ ተመለከተ፤ ሊናገራቸው ሲቆምም ከራሳቸው ባለቅኔዎች ቃል ጠቀሰላቸው (ሐዋርያት ሥራ 17)። አልሰገደም፤ ዓይኑንም አልጨፈነም።

ሁለተኛው ወገን እኛ ነን፤ «ለመዝናናት ነው፣ አታካብዱ» የምንለው። ዳዊትም አንድ ቀን ታሪክ ሰምቶ አስተያየት ሰጥቷል። ነቢዩ ናታን ስለ ሀብታሙ ሰውና ስለ ድሃው አንዲት በግ ሲነግረው ተቆጣ፣ ፈረደ፤ ታሪኩ የሌላ ሰው መስሎት ነበር። ናታን ግን ጣቱን ወደ እርሱ አዞረ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ዳዊትን ለንስሐ ያበቃው ስብከት ሳይሆን አጭር ታሪክ መሆኑን ልብ በሉ። ዳዊት «ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ መጨረሻው ብቻ ይጎተታል» ብሎ ቢነሣ ኖሮስ?

የአገራችን ፊልም ሠሪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። ስንቱን ፊልም አየን፤ ድሃው ወጣትና የሀብታሟ ልጅ፣ ቦሌ ያለ ቪላ፣ በሩ ላይ ዘበኛ። ዘበኛው አፉን ሲከፍት አዳራሹ ይስቃል። የሚያስቀው ያለው ነገር አይደለም፤ አማርኛውን በኦሮምኛ ቅላፄ መናገሩ ነው። ያ ቅላፄ የአባቴ ነው። እኔም ከሳቁት ጋር ስቄያለሁ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «ገበያችን ሊሞት ነው» ብለው ጮኸው ነበር። ጩኸታቸው ተገቢ ነበር፤ ግን የኢስታንቡልን ቤተሰብ ከራሱ ዘበኛ በላይ የሚያከብር ተመልካች ያሳደገው ማን ነው?

የተሻለ መሥራት እንደሚቻል ከጥንት ታይቷል። በ1960ዎቹ የተሠራው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ስለ ደም በቀል ነው፤ የጉማ ፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው። ጉማ ምን እንደሆነ ለባሌ ልጅ አይነገረውም። ደም ሲፈስ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካሳ ቆርጠው፣ የተጣላውን ወገን የሚያስታርቁበት ሥርዓት ነው። በክርስቶስ ደም ስለ መታረቅ የምንሰብክ ሰዎች ግን ምሳሌ ስንፈልግ ከሆሊውድ እንበደራለን።

እኛም ካሜራ ስንይዝ ከቦሌዎቹ አንሻልም። ሳነቴ ላይ ወጥተን፣ በዚያ ብርድ ነጭ ልብስ ለብሰን፣ እጃችንን ዘርግተን የመዝሙር ክሊፕ እንቀርጻለን። እዚያው ከብት የሚጠብቀው ልጅ እንዳይታይ «ዞር በል» እንለዋለን። አንድ ጊዜ ደግሞ ከመካከላችን አንዳንዶች ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ እንቅረጽ አሉ። ክርክሩ ሁሉ ስለ ጀነሬተርና ስለ መብራት ነበር። ዋሻው ስሙን ያገኘው ከሼክ ሶፍ ዑመር መሆኑን፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን የተከበረ ቦታ መሆኑን ያነሣ አልነበረም። አብረናቸው ገበያ የምንውል፣ ለቅሶ የምንደርስ ሰዎች ናቸው። የእነርሱን ቦታ ለክሊፓችን ጌጥ ልናደርገው ስንነሣ፣ ዘበኛውን ማሳቂያ ካደረገው ዳይሬክተር በምን ተለየን?

ስለዚህ ከእንግዲህ ፊልም ስናይ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፦ ታሪኩ የማን ነው? «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ፤ የታሪኩ ባለቤት የሆነችው ሴት ቅሬታ አቅርባ ነበር። ፊልሙ በኋላ ታይቷል። ጥያቄው ግን ለሁሉም ይሠራል፤ በመድረክ የሌላውን ምስክርነት ሳናስፈቅድ ለምንናገረው ለእኛም።

ሁለተኛ፦ ማን ተሳቀበት? እኔስ ለምን ሳቅሁ?

ሦስተኛ፦ እኔ ከታሪኩ ውስጥ የትኛው ነኝ? በ«ድፍረት» ወንዶቻችን ሁሉ ራሳችንን ከጠበቃዋ ጎን አቆምን። ጠላፊውን «ጎበዝ» ብለው ከሸኙት ጓደኞቹ፣ ወይም ሰምተው ዝም ካሉት ጎረቤቶች መካከል ራሱን የፈለገ አልነበረም።

ያቺን እኅት ከሁለት ሳምንት በኋላ አግኝቼ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «እንጸልይበታለን» ያልኩት መስማት ፈርቼ እንደሆነ ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ቁጭ ብለን ብዙ አወራን። እናቷን ገና አልጠየቀቻትም።

ለክረምቱ ኅብረታችን ሌላ ፊልም ሊያሳይ አስቧል። መሪዎቻችንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሆነ ለውይይቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይያዝለት። ወንበሩንም ቶሎ አትሰብስቡ።