ሽሬደር ከመገዛቱ በፊት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ለውዝና ቆሎ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። በርበሬና እርድም ከሱቅ ሲገዙ እንዲሁ ነው። መጠቅለያው አብዛኛውን ጊዜ ከተማሪ ደብተር ወይም ከአሮጌ ጋዜጣ የተቀደደ ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ስም፣ ስልክ ቁጥርና ማኅተም ያለበት የቢሮ ሰነድ ሆኖ ይገኛል። ቢሮ ሲጸዳ በኪሎ የተሸጠ የወረቀት ክምር ዞሮ ዞሮ ሱቅ ይገባል። ለውዝ የገዛው ሰው የማያውቀውን ሰው የብድር ማመልከቻ ወይም የላቦራቶሪ ውጤት ይዞ ይሄዳል። ቸርቻሪዎቹ በዚህ አይወቀሱም፤ ባገኙት ወረቀት ይጠቀልላሉ። መጠየቅ ያለበት ሰነዱን እንዳለ ከግቢው ያስወጣው ቢሮ ነው።

ጉዳዩ አሁን የሕግም ጉዳይ ሆኗል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዙ ተቋማት ከአያያዝ እስከ አወጋገድ ኃላፊነት እንዲወስዱ ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራርና የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ አስተዳደር ሽሬደር ያስፈልጋቸዋል። ግን የትኛው ሽሬደር?

የግዥ ጥያቄው ላይ «ወረቀት መቆራረጫ ማሽን፣ ብዛት 1» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ዝቅተኛ ዋጋ ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በረጅሙ የሚተለትል ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ማሽን አንድ ኤ4 ወረቀት ወደ 35 ረጃጅም ጭረቶች ይለውጠዋል። ጽሑፉ በጭረቱ አቅጣጫ የተጻፈ ከሆነ ሙሉ መስመር ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል።

የዚህ ዓይነቱ ማሽን ድክመት በታሪክ የታወቀው በቴህራን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1979 ኢራናውያን ተማሪዎች የአሜሪካን ኤምባሲ ሲይዙ፣ ሠራተኞቹ በሽሬደር የተለተሏቸውን ምስጢራዊ ሰነዶች አገኙ። ጭረቶቹ አንድ በአንድ እየተለዩ ተገጣጠሙ፤ በሥራው ምንጣፍ ሸማኔዎችም እንደተሳተፉ ይነገራል። ሰነዶቹ በተከታታይ ቅጾች ታትመው ለገበያ ቀረቡ። ትዕግሥትና ጊዜ ያለው ሰው ጭረትን መልሶ ይገጥማል።

ለዚህ ነው ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ዲን 66399 የተባለው ደረጃ ማሽኖችን ከፒ-1 እስከ ፒ-7 የሚመድበው። በፒ-4 አንድ ቁራጭ ከ160 ካሬ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ኤ4 ወረቀት ወደ 400 ገደማ ቁራጭ ይሆናል። በፒ-5 ጣሪያው 30 ካሬ ሚሊ ሜትር ሲሆን ቁራጩ ከ2,000 ያልፋል። ለአብዛኛው የወሎ ቢሮ ፒ-4 በቂ ነው፤ የታካሚ ካርድ ለሚያስወግድ ሆስፒታል ግን ፒ-5 ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በላይ መሄድ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ማሽኑ ይዘገያል፣ የሚቀበለው ቅጠልም ያንሳል።

ከደረጃው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ ሳያርፍ ስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ነው። ትንንሾቹ ለጥቂት ደቂቃ ሠርተው ሞተራቸው እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ፋይል ይዞ ፊታቸው የቆመ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም፤ የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ያስወጣዋል። የስቴፕለር ሽቦ መቁረጥ መቻሉ፣ ወረቀት ሲታነቅ ወደ ኋላ የሚመልስ ቁልፍ መኖሩና ምላጩን የሚያድስ ባለሙያ በቅርብ መገኘቱም ይታይ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ስታቢላይዘር ማያያዝ ቅንጦት አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የትኛው ወረቀት ማሽኑ ውስጥ ጨርሶ መግባት እንደሌለበት መለየት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ሆስፒታሎች፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር በበጀት ይተካል፤ የጠፋ የአገልግሎት ማስረጃ ግን የአንድን ሰው ጡረታ ለዓመታት ሊያንጠለጥል ይችላል። እንዲህ ባለ ከተማ የተረፈውን መዝገብ በጥድፊያ ወደ ማሽን መስደድ ሁለተኛ ዝርፊያ ነው።

አገሪቱ ወረቀት ተጠብቆ ሲቆይ ምን እንደሚሠራ አይታለች። ደርግ ሲወድቅ ሳይጠፋ የቀረው የጽሕፈት ቤት ሰነድ፣ ፊርማና ቲተር ያረፈበት የእስርና የግድያ ትእዛዝ ጭምር፣ በልዩ ዓቃቤ ሕግ እጅ ማስረጃ ሆነ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ያላቸው በእነዚህም ወረቀቶች ነው። በየቢሮው ጥሩ ሽሬደር ቢኖር ኖሮ የብዙ ሟቾች ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ማስረጃ ባላገኙ ነበር።

ስለዚህ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰነድ ሲያስወግድ ዝርዝር አውጥቶ፣ በኮሚቴ አስመርምሮ፣ ቃለ ጉባኤ ይዞ መሆን አለበት፤ ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ደግሞ ብዙዎች ወመዘክር ብለው ለሚያውቁት የአገሪቱ ቤተ መዛግብት ማሳወቅ ይገባዋል። ነጋዴውም የሒሳብ መዝገቡን ለ10 ዓመት ይዞ መቆየት አለበት። የተበላሸ ኮፒ፣ ትርፍ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ፣ ጊዜው ያለፈበት የሥራ ማመልከቻ በዚያው ቀን ቢቆራረጥ ማንም አይጎዳም።

አነስተኛ ቢሮዎች ጥሩ ማሽን ለየብቻቸው መግዛት ይከብዳቸዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ግን በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ደሴ ላይ አንድ፣ ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ላይ አንድ ከባድ ሽሬደር ተተክሎ፣ ወረዳውም፣ የግል ክሊኒኩም፣ ማይክሮፋይናንሱም በወር አንድ ቀን የራሱን ሠራተኛ አቁሞ ሰነዱን ሊያስቆርጥ ይችላል። ምላጩን የሚጠግኑ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪዎች እዚያው ናቸው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የግዥ ጥያቄው ከዚያ በፊት ከነደረጃው ተጽፎ መቅረብ አለበት።