የደከመን ልብ አስገድዶ ማሠራት ለምን አልተሳካም?

እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ኦመካምቲቭ መካርቢል የተባለውን የልብ ድካም መድኃኒት ሳያጸድቀው ቀርቷል። መድኃኒቱ የልብ ጡንቻ ይበልጥ እንዲኮማተር የሚያደርግ ነው። ከ8,000 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት የበሽታውን መባባስ በመጠኑ ቢቀንስም፣ በልብና በደም ሥር ችግር የሚደርሰውን ሞት አልቀነሰም።

ነገሩን ለመረዳት የልብ ህዋስን ማየት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ምት ጥቂት ካልሲየም ወደ ህዋሱ ይገባል፤ ይህም በውስጡ ካለው ጎተራ ብዙ ካልሲየም ያስለቅቃል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል። ልብ እንዲላላና ደም እንዲሞላ ደግሞ ሰርካ የሚባል ፓምፕ ካልሲየሙን ወደ ጎተራው ይመልሳል። የደም ግፊት ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር ወይም የልብ በር ሲጠብ ጡንቻው መጀመሪያ ይወፍራል። ውሎ አድሮ ሰርካ ይዳከማል፣ ጎተራውም ያፈሳል። በዚህ ጊዜ ምቱ ደካማ፣ መላላቱም አዝጋሚ ይሆናል። ደም ወደ ሳንባ ስለሚያቁር ሕመምተኛው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል። የሚፈሰው ካልሲየም የልብ ምትንም ሊያዛባ ይችላል።

ታዲያ ካልሲየሙን ብንጨምረውስ? ይህ ተሞክሯል። በህዋሱ ውስጥ ካልሲየም የሚያበዛው ሚልሪኖን በክኒን መልክ ሲሰጥ፣ በ1991 የወጣው ጥናት የሞት አደጋን በ28 በመቶ እንደጨመረ አሳይቷል። የሰርካን ዘረመል ወደ ልብ ለማስገባት በ250 ሕሙማን ላይ የተደረገው ሙከራም አልሠራም።

ዕድሜ ያራዘሙት የልብን ሸክምና ጭንቀት የሚያቀሉት ናቸው፦ ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ በቅርቡም ዳፓግሊፍሎዚን። በተለይ ካርቬዲሎል ይገርማል። ሲጀመር ልብን ያዳክማል፣ አንዳንዱም ሰው ድካም ሲሰማው ያቆመዋል፤ ከወራት በኋላ ግን የልብ የመኮማተር አቅም ይሻሻላል። ስለዚህ ድካም ከተሰማዎ መድኃኒቱን በራስዎ ከማቋረጥ ይልቅ መጠኑን እንዲያስተካክልልዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ወተት ብጠጣ ወይም የካልሲየም ክኒን ብወስድ ልቤ ይበረታል?» አይበረታም። የተበላሸው የካልሲየሙ አመላለስ እንጂ መጠኑ አይደለም።