ከቀለም በፊት ስለሚቀባው ቀለም

የተማሪዎች ማኅበራችን ለትርኢት የሚያዘጋጀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የብረት ሞዴል ቅርጹ ተፈጽሞ ለቀለም ደርሷል። የላሜራው ቆረጣ፣ የናስ በሮቹና ብየዳው የሠሩትን ጓደኞቻችንን የሚያስመሰግን ነው። አሁን የቀረው ክርክር ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም ከዋናው ቀለም በፊት ብረቱ ምን ዓይነት ፕራይመር ይቀባ የሚል ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን «ለበርና ለአጥር የሚሆነው ቀዩ አንቲረስት ተገዝቶ ሁሉም በብሩሽ ይዳረስ፤ ገንዘቡም ጊዜውም ይተርፋል» ይላሉ። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም፤ ምክንያታችንንም ለአንባቢዎች ፍርድ እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ስለ መጠን እንናገር። ሞዴሉ የተሠራው እያንዳንዱን ነገር አምስት መቶ ጊዜ በማሳነስ ነው። ስለዚህ 1,780 ሜትር የሚረዝመው ዋናው ግድብ 3 ሜትር ከ56 ሳንቲ ሜትር፣ 145 ሜትር የሆነው ከፍታውም 29 ሳንቲ ሜትር ሆኗል። ቀለም ግን ከግድቡ ጋር አብሮ አያንስም። 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመደገፊያ ቧንቧ በሞዴሉ ላይ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ ጓደኞቻችንም ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያወጡትን ቀጭን የመዳብ ክር ተጠቅመዋል። በብሩሽ ሁለት ጊዜ የተቀባ አንቲረስት በየጎኑ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ቢወፍር ክሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ማለት ባለ 5 ሳንቲ ሜትሩ ቧንቧ 15 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ግንድ ሆነ ማለት ነው። የመኪና ቀለም ሠራተኞች ዋሽ ፕራይመር የሚሉት፣ በስፕሬይ በስሱ የሚረጨው ግን በየጎኑ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ያህል ቢሆን ያው ቧንቧ ከ6 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ሦስት ወር በሞረድና በመቀስ የተደከመበት ዝርዝር በአንድ ከሰዓት በኋላ በቀለም ሊሰጥም አይገባውም።

ሁለተኛው ምክንያት የብረቱ ዓይነት ነው። አንቲረስት ለተራ ብረት የተሠራ መልካም ቀለም ነው፤ ሞዴሉ ግን አካሉ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ፣ በሮቹ ናስ፣ መደገፊያው መዳብ ነው። በዘይት ወይም በሲንተቲክ የተበጠበጠ ቀለም ከዚንክ ጋር ሲገናኝ ውሎ አድሮ ከሥሩ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይፈጠርና ይላጣል። ዋሽ ፕራይመር በውስጡ ያለው ፎስፎሪክ አሲድ የብረቱን ፊት በጥቂቱ ነክሶ ስለሚይዝ ለነዚህ ሁሉ ይስማማል። በላዩ ግራጫ የመኪና ፕራይመር በስሱ ቢጨመርበት የሲሚንቶው ቀለም ያለ ድካም ይወጣል፤ በቀይ ላይ ግን ቀዩን ለመሸፈን እንደገና መደራረብ ያስፈልጋል። አንቲረስቱ ከተገዛም ሞዴሉን ለሚሸከሙት የብረት እግሮች ይዋል፤ ቦታው እዚያ ነው።

ይሁን እንጂ የተሻለው ፕራይመር እንኳ በቆሸሸ ብረት ላይ ዋጋ የለውም። የብየዳው አሲድ በሞቀ ውኃና በሳሙና ይታጠብ፤ ይድረቅ፤ ፊቱ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ቅባቱ በቲነር ይጠረግ፤ ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካ። በአሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ በዝናብ ቀን መርጨት ቀለሙን ያነጣዋል። በበጋው ቀትርም ርቆ የተረጨ ቀለም ብረቱ ላይ ሳይደርስ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ስለዚህ የሚመረጠው የደረቀ ቀን ማለዳ ነው።

ስለ ጤናም ዝም አንልም። የሚረጩት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በጨርቅ አፍን መሸፈን የቲነርን ትነት አይከለክልም፤ ማጣሪያ ያለው ጭንብልና ነፋስ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። ከመጋዘን የተገኘ አሮጌ ቀይ ቀለምም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል መፋቅና ማሸት አይገባም። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚገኝ እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ገንዘብ የለም» ለሚሉን የምንመልሰው አለን። ዋሽ ፕራይመር ከአንቲረስት እንደሚወደድ እናውቃለን፤ ነገር ግን በስሱ ስለሚረጭ የሚፈጀው ጥቂት ነው። የተላጠ ቀለም ፍቆ እንደገና መቀባት ደግሞ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። «ቀኑ ደርሷል» ለሚሉንም አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብለው ጨርሰውታል።

ነገሩ የቀለም ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የቆመው በዚሁ በክልላችን በጉባ ነው፤ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ ተማሪው ከኪሱ አዋጥቶበታል። ሆኖም ጉባ ሩቅ ነው። ሞዴሉን ወደ ጾሬ ስንወስደው ግድቡን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ከበው ይመለከቱታል፤ ስድስቱን የማስተንፈሻ በሮች ይቆጥራሉ፤ ሰው በየት እንደሚራመድ ይጠይቃሉ። በሮቹ በቀለም ተደፍነው፣ መደገፊያው ግንድ አክሎ ቢያገኙት የምናሳያቸው ግድቡን ሳይሆን የራሳችንን ችኮላ ነው።

ስለዚህ ለማኅበሩ ኮሚቴ የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከተረፈው ላሜራና ናስ ቁራጮች ተወስደው ከፊሎቹ አንቲረስት፣ ከፊሎቹ ዋሽ ፕራይመር ይቀቡ፤ ሲደርቁም አንድ ሳምንት ደጅ ይደሩ። ከዚያ በምላጭ እንደ መረብ ተጭረው ፕላስተር ይለጠፍባቸውና በኃይል ይሳብ። ፕላስተሩ ይዞት የሚመጣውን ቀለም መምህራኖቻችን ባሉበት ሁላችንም እንይ። አሳባችን ከተሸነፈ ብሩሹን ይዘን ቀዩን ለመቀባት የመጀመሪያዎቹ እኛ እንሆናለን፤ ካሸነፈ ግን ኮሚቴው ጋሎኑን ትቶ ጭንብሉን አስቀድሞ ይግዛ።