ቮልሷን በሲሊኮን አትግደሏት

ስለ ቮልስ የሚጻፍ ሁሉ ከቤተ መንግሥት ይነሳል፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስ ተወሰዱ ተብሎ። ይነሳ፣ ታሪክ ነው። ክረምቱ እየገባ ስለሆነ ግን እኔ ዛሬ የማወራው ስለ መስታወቷ ጎማ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ እስካሁን የሚዞሩት ቮልሶች ሞተራቸው አያሳስበኝም። ያንን ሞተር ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታ መካኒክ አይጠፋም። ቦዲዋን የሚጨርሰው ውኃ ነው፤ መግቢያው ደግሞ የደረቀና የተሰነጣጠቀ የመስታወት ጎማ። በፊት መስታወት የገባው ምንጣፍ ሥር ተኝቶ ወለሉን ይበላል። በኋላው የገባው ወደ ኋላ ወንበር ሥር ይወርዳል፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያው ነው። ላሜራው ሲበሳ ባትላሜራ ይጠራል፣ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም ያው አሮጌ ጎማ ቦታው ይመለሳል!

ከሁሉ የሚብሰው ስንጥቁን ለመድፈን የሚቀባው ሲሊኮን ነው። ያ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚለው ርካሹ ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ብረቱ ከሥሩ ይዝጋል፣ ማንም አያየውም። በኋላም መስታወቱን ሳይሰብሩ ማውጣት ጭንቅ ነው።

«አዲስ ግዛ» ማለት ይቀላል። ሶማሌ ተራ ያሉ መለዋወጫ ሻጮችን ብትጠይቁ «ቮልስ ቮልስ ነው ጋሼ፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል» ትባላላችሁ። አይሆንም። በፈረንጆቹ 1958 ሞዴል የፊቱም የኋላውም መስታወት ሰፋ፤ በ1965 ሁሉም መስታወቶች እንደገና አደጉ፤ 1303 የምትባለው ደግሞ በ1973 ስትመጣ የፊት መስታወቷ ጭራሽ ጎበጠ። የመስታወቱ ዙሪያ ጌጥ የሚገባበት ቦይ ያለው ጎማና የሌለውም ለየቅል ናቸው።

እንግዲህ ማሠራት ነው። ጎማው በቅርጽ ማውጫ ብረት እየተገፋ እንደ ፓስታ ይወጣል። ገንዘቡን የሚበላው ያ ብረት ነው፤ ለአንድ መኪና ብሎ ማስቀረጽ ኪሳራ፣ ለሃምሳ ባለቤት ግን የሚቻል። ናሙና ብላችሁ አሮጌውን ጎማ ብቻ ቆርጣችሁ አትስጡ። ዕድሜ አኮማትሮታል፤ እሱን አስመስሎ የተሠራው አዲሱም ከነጥበቱ ይወለዳል። የመስታወቱና የላሜራው ጠርዝ ውፍረት ይለካ። ጎማውም ኢፒዲኤም የሚባለው ይሁን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ፀሐይ ተራውን ጎማ ቶሎ ያደርቀዋል።

መግጠሙ ደስ ይላል። ጎማው መስታወቱን ያቅፋል፣ ዙሪያውን በውጪኛው ቦይ ሲባጎ ይጠመጠማል፣ የሳሙና ውኃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል፤ የጎማው ከንፈር በላሜራው ላይ እየተገለበጠ ይወጣል። በሜትር የተቆረጠ ከሆነ ጥቂት ይርዘም፤ ተወጥሮ የገባ ጎማ ቆይቶ ሲሰበሰብ መጋጠሚያው ይከፈታል።

እሑድ እሑድ ቮልሳቸውን አጥበው የሚወጡ ባለቤቶች ቀለምና ቸርኬ ሲያደናንቁ እሰማለሁ። አንዱን እሑድ ለዚህ ያውሉት፤ ሞዴል በሞዴል ተመዝግበው ገንዘብ ያዋጡ። በመንገድ የማያቸው አብዛኞቹ ከ1965 ሞዴል ወዲህ ያሉት ናቸውና ከእነሱ ይጀመር። ከ1958 በፊት ያሉት፣ የባለ ሞላላ ኋላ መስታወቶቹ ባለቤቶች ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ግን እነሱ ድሮውንም ዝናብ ሲመጣ መኪናቸውን አያወጡም።