ጥዱ ላይ የተፈለፈለው ስም

ሰሞኑን ከደብረ ማርቆስ የደረሰኝ ደብዳቤ አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። ጸሐፊው 24 ዓመቱ ነው። ከፍቅረኛው ጋር ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ደብር ለሽርሽር ይሄዳሉ። እሱ ሆዬ ጩቤውን መዝዞ የሁለታቸውን ስም ትልቅ ጥድ ላይ ይፈለፍላል፤ በልብ ቅርጽም ይከበዋል። አንድ አባት ደርሰው በከዘራቸው ሊሉት ምንም አልቀራቸው! ልጅቷ እሱን በማጽናናት ፈንታ አለቀሰች፤ ይኸው ሁለት ሳምንት አኩርፋዋለች። «ለፍቅር ብዬ ባደረግኩት ምን ነውር አለው?» ይለኛል።

አለው እንጂ ወንድሜ! ግን አልፈርድብህም። እኔም በአንተ ዕድሜ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ያንኑ ሠርቻለሁ። የማን ስም እንደነበር ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ አንባቢዎቼም አደራ!

ለመሆኑ ዛፉን አየኸው? ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ስትወጣ ዓይንህ የሚያርፈው ማሳና ባሕር ዛፍ ላይ ነው። በመሀል ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ ካየህ፣ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው የተረፈው እዚያ ነው። ከቅርንጫፉ የተንዠረገገው የዛፍ ሽበት፣ ግንዱን ያለበሰው ለስላሳ አረንጓዴ... ይህ ባንድ ሰው ዕድሜ አይመጣም። ጥድ ለማደግ አይቸኩልማ! በደቡብ ጎንደር የደብር ደኖችን ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት ደግሞ ከብት ከገባ ችግኙ አይተርፍም። በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያ የድንጋይ ካብ የተካበውም ለዚህ ነው። ለአባታችን ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ነው፤ አንተ ልብሱን ነው የቀደድከው።

ደግሞስ ጥድ ወንድና ሴት እንዳለው ታውቃለህ? ፍሬውን የምትይዘው ሴቷ ናት፤ ያለ ወንዱ ግን ዘሯ አይበቅልም። ልብ ከምትቀርጽላት ይህን ብትነግራት ኖሮ!

አሁን እንዲህ አድርግ። ነጠላህን ለብሰህ ብቻህን ሂድ። ደጁን ተሳለም፣ አባትን ፈልግና «አጥፍቻለሁ፣ ይፍቱኝ» በላቸው። ቁስሉን በጭቃ ልለስነው ብለህ አትነካካ። ክረምት ላይ ችግኝ የሚተክሉ ከሆነ ጉልበትህን ስጥ። ለልጅቷ አንተ አትንገራት፤ ከሌላ ሰው ትስማው። ሌላ ቀን አብራችሁ ስትሄዱ በተረገጠው መንገድ ብቻ ሂዱ፤ እሳት አታንድዱ፣ የስልካችሁን ዘፈን ዝጉ።

የአዲስ አበባ ልጆች፣ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ መንገዱን ሳታጣሩ ወደ ጎጃም አትነሱ። በእግር መሄጃ ያለው የጥድ ደን ካማራችሁ መናገሻ ሱባ ቅርባችሁ ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዘሩን ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጉሬዛም አለላችሁ።

እኔም ቅርብ ጊዜ ሄጄ የድሮ ጥፋቴን ፈልጌ ነበር። ግንዱ ሲወፍር ፊደሎቹ ተለጥጠው ሰፍተዋል፤ ከሩቅ ይነበባሉ። የሚቆጣኝ አባት ግን አላገኘሁም።