«ድንቅ ነው» አትበሉት

ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ያደረበትን ቀልድ ሁለት ስንኝ እንኳ ሳያነቡ «ድንቅ ነው! በርታ!» የሚሉ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ተሳዳቢ ቢያንስ የሚያስቆጣው መስመር እስኪያገኝ ድረስ ያነባል። «በርታ» ባዩ ግን ሰውየው በምን እንደሚበረታ አያውቅም፤ የተሰጠውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከትና ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ያልፋል።

መራዊ ውስጥ እንዲህ ትከሻውን እየተመታ ሊያልቅ የደረሰ ወዳጅ አለኝ። አስተማሪ ነው። ደራሲ ነኝ ብሎ አያውቅም፣ መጽሐፍም አላሳተመም። ደብተር አርሞ ሲጨርስ አጫጭር የቀልድ ታሪክና ግጥም ይጽፋል። ቡና ላይ ያነብልናል፤ ግልባጩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ዱርቤቴን አልፎ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። የሚጽፈው ሁላችንም ስለምናውቀው ነገር ነው፤ ስብሰባ ላይ እያንቀላፋ ስለሚያጨበጭብ ሰው፣ የጤፍ ማሳውን ባሕር ዛፍ አልብሶ ከጎረቤቱ እንጀራ ስለሚበደር ገበሬ። አንዳንዱ ያስቃል፣ አንዳንዱ አያስቅም። የትኛው እንደሚያስቅና የትኛው እንደማያስቅ ግን ከእኛ ሰምቶ አያውቅም። ለሁሉም የምንሰጠው መልስ አንድ ነውና።

አንዱን ላሳያችሁ። የቆጋ ወንዝ የመራዊ ሰው ጓሮ ነው። ግድቡ 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተብሎ ከተሠራ ወዲህ በበጋም ስንዴው፣ ድንቹ፣ ሽንኩርቱ ይመረታል። ችግሩ የሁሉም ሽንኩርት አንድ ሰሞን መድረሱ ነው። ሽንኩርት እንደ ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ አይጠብቅም፤ ይበሰብሳል። ነጋዴው ይህን አሳምሮ ያውቃል። መኪናውን ጥላ ሥር አቁሞ፣ ጥርሱን እየፋቀ፣ ገበሬው ራሱ መጥቶ እስኪለምነው ድረስ ይጠብቃል። ወዳጄ ይህን ቆሞ አይቶ ሲመለስ እንዲህ ጻፈ፦

ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ እንባ ይቀድመዋል፤
የቆጋ ገበሬ ሲሸጥ ያለቅሳል።

መልሱ ጎረፈ። «ድንቅ!» «እጅህ ይባረክ!» «ምን ይሳነዋል ጎጃሜ፣ የቅኔ አገር ልጅ!» ይኼኛው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሰውየው ስለ ሽንኩርት ገጠመ፤ ምስጋናውን ክፍለ ሀገሩ ወሰደው። የገጠመው ስለ ጫማ ቢሆን፣ ቤት ባይመታ፣ ትርጉም ባይኖረው ይኸው መልስ ይመጣ ነበር። ታዲያ ምኑን ነው ያነበባችሁት?

ሌላው ወገን ደግሞ መርማሪ ፖሊስ ነው። «ነጋዴው ያ ገበያው ዳር ሱቅ ያለው ሰውዬ ነው አይደል?» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ግጥሙ ውስጥ ነጋዴ የሚል ቃል የለም። አንዱማ ሽንኩርቱን እንደ ቅኔ ፈታው። ሽንኩርት ብዙ ልባስ አለው፤ ልባሱ ሲገፈፍ መሐሉ ባዶ ነው፤ እንግዲህ የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ማወቅ አያቅትም አለ። የሰምና ወርቅ አገር ነን እያልን ስንኮራ ሰው ሁሉ ወርቅ ቆፋሪ ሆኖ ቀረ። ሰሙን የሚያይ የለም። ገበሬው፣ ጆንያው፣ የወደቀው ዋጋ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሐዘንና ሳቅ ሁሉ «መሸፈኛ» ተባለ። ወዳጄ ደንግጦ ሳምንቱን በገበያው በኩል ማለፍ ተወ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ የጻፈ ሰው የተደበቀ ጠላት ፈላጊ ተባለ እኮ!

ይህን አመል ከአባቶቻችን አልወረስነውም። የቅኔ አገር ነን የምትሉ ሁሉ ቅኔ ቤት ምን ይደረግ እንደነበር አንድ ጊዜ አስታውሱ። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ተማሪው ደበሎውን ደርቦ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በአኮፋዳ ቁራሽ ለምኖ ይመጣል። ከዚያ ቅኔውን ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና። ሲመሽ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ «ድንቅ ነው» አይሉትም። ምሥጢሩ የጎደለበትን፣ ቃሉ የተዛነፈበትን፣ ዜማው የረዘመበትን ቦታ በጣታቸው እንደነኩ ያህል ያሳዩታል። ተማሪው ያለቅሳል፣ ይናደዳል፣ ሄዶ እንደገና ይቆጥራል። ቅኔው የሰመረለት ቀን የምትመጣው «ይበል!» ዋጋ ያላት ስትሰጥም ስትከለከልም ስለነበር ነው። በነጻ የሚታደል «ይበል» ከመሐላ አይሻልም።

ያን ሥርዓት ያየ አንድ ሰው መራዊ ላይ አገኘን። መሪጌታ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን አልደከመም። ወዳጄ የሽንኩርቷን ግጥም ቀስ ብሎ አነበበላቸው። ፈገግ አሉ። ቀጥለው ፈገግታቸውን ሰብሰብ አደረጉና፦

«አንተ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ታስለቅሰናለህ?»

«እንዴት የኔታ?»

«ላይኛው ቤት ላይ እንባ አልክ። ታችኛው ላይ ያለቅሳል አልክ። እንባ ካልክ ወዲያ ልቅሶ ምን ይሠራል? የማውቀውን ነገርከኝ። ሰውየውን አታስለቅሰው፤ ሽንኩርቱን ብቻ አሳየው። እኔ አለቅስለታለሁ። ደግሞስ ዋል ብለህ ጀምረህ ሳል ላይ ጣልከኝ፤ ቤትህ አንካሳ ነው።»

ወዳጄ ቀላ፣ ጠቆረ። ማታውን ይህን ይዞ መጣ፦

ሰው ሽንኩርት ሲከትፍ እንባ ይቀድመዋል፤
የቆጋ ገበሬ ጆንያው ይበቃዋል።

አያችሁት? ልቅሶው ጠፋ፤ ሰውየው ግን አሁን ነው በእውነት የሚያለቅሰው። ቢላዋ ሳይነሳ፣ ልጣጭ ሳይነካ፣ የታሰረውን ጆንያ አይቶ። ቤቱም ተደላደለ። «ድንቅ ነው» ሲሉት የከረሙት ሁሉ ያላደረጉለትን አንድ ሽማግሌ በአንድ ጥያቄ አደረጉለት።

(የተስተካከለችው ግጥም ምን እንደገጠማት ደግሞ ስሙ። ብዙም ሳይቆይ ከባሕር ዳር የመጣ ሰው «የአለቃ ገብረ ሃና ናት» ብሎ ለራሱ ለወዳጄ ነገረው። ፎገሬው አለቃ የሞቱት የቆጋ ግድብ በሰው ሐሳብ ሳይኖር፣ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በዚህ አገር ያማረ ቀልድ ሁሉ ለእሳቸው ይሰጣል፤ ያላማረው ለጻፈው ሰው ይቀራል። ወዳጄ ተናደደ። እኔ ግን ካየሁት መልስ ሁሉ ይህ ሐቀኛው ነው ባይ ነኝ፤ ሰው የማይረባ ነገር አይሰርቅም።)

«ጀማሪ ስለሆነ ልናበረታታው ብለን ነው» የሚለውን ማመካኛ አውቀዋለሁ። ጀማሪ አናጢ የሠራው ወንበር ሲወላገድ «ድንቅ ነው» ትሉታላችሁ? ወንበሩ ላይ ስለምትቀመጡ አትሉም። ግጥሙ ላይ ግን ስለማትቀመጡ ይወላገድ ትላላችሁ። ይህ ማበረታታት አይደለም፤ ንቀት ነው። «ከዚህ የተሻለ መጻፍ አይችልም» ብላችሁ ስለደመደማችሁ ነው የማታርሙት። ሥር የሰደደ ሌላም ምክንያት አለው፤ ሳቅን ከቁም ነገር አንቆጥርም። «ያው ቀልድ አይደል!» እንላለን። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር እንዳለቀሰ እስከ ዛሬ እናወራለን። ስለ ሰብለና ስለ በዛብህ ጠይቁን፤ እናነባለን። ፊታውራሪ መሸሻስ? ያ ሁሉ ፉከራ፣ ያ ሁሉ ትምክህት፣ ኋላም ገበሬዎቹን ሊወጉ ዘምተው መማረካቸው? እሳቸውን የጻፈው እጅ ሰብለን ከጻፈው እጅ አያንስም። ስለ ጎጃም ከተጻፉ ልቦለዶች ሁሉ ዝነኛው ግማሽ ጎኑ ኮሜዲ ነው፤ እኛ ግን በለቅሶው በኩል ብቻ ገብተን በለቅሶው በኩል ወጣን።

ቀልድን ከቁም ነገር የቆጠሩት፣ የሚያሳዝነው፣ ሊያፍኑት የፈለጉት ናቸው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ እንስሳትን እያናገሩ «ፋቡላ»ን ቢያሳዩ የንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት የአውሬዎቹን ቋንቋ ወዲያው ገባውና ተውኔቱን አገደው። የጎረቤታችን የአቸፈር ልጅ አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» የሚል ፅንስ ይዞ ብቅ ቢል መጽሐፉ ታገደ፤ ራሱም ኋላ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ድረስ ተጋዘ። የእኛን ዘመን ሰው እንውሰድ ካላችሁም ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትሄዱ መንገድ ላይ ማንኩሳን ታገኛላችሁ። በዕውቀቱ ስዩም የተወለደው እዚያ ነው። በግጥምም በወግም የዚህን ትውልድ አንባቢ እንደ እሱ ያሳቀ ብዙ ሰው የለም፤ በ2004 ዓ.ም. ለንደን ላይ በተካሄደው ፖይትሪ ፓርናሰስ የተባለ የዓለም ገጣሚዎች መድረክ አገሩን ወክሎ ቆሟል። ያም ሆኖ ስለ አንድ ቅዱስ አባት በጻፈው ጽሑፍ የተቆጣ ሰው የመለሰለት በቡጢ ነበር። መቆጣት መብት ነው። ጽሑፉ ላይ የሚያስቆጣ ነገር ካለ፣ ይኸው እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ ገድሉ እንዲህ አይልም ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቡጢ ግን የትኛውን አንቀጽ እንደመታ አይታወቅም።

አንተ ትከሻ መቺው፣ ከእነዚህ የምሻል ነኝ ብለህ እንዳትኩራራ። አጋዡም ቡጢኛውም የመለሱት ለሰውየው እንጂ ለጽሑፉ አልነበረም። አንተም የምትመልሰው ለሰውየው ነው። እነሱ እጃቸውን ጨብጠው፣ አንተ ዘርግተህ።

ከመልሶች ሁሉ የከበደኝ አንድ ነው፤ «በዚህ ጊዜ ሳቅ?» የሚለው። በመራዊ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን የማያውቅ እዚህ ሰው የለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን አረጋግጫለሁ ብሏል። ከዚያ በኋላ ወዳጄ ብዕሩን ለረጅም ጊዜ አስቀምጦ ነበር። እንደገና ሲጀምር ልጃቸውን ያጡ አንዲት እናት በተገኙበት አነበበ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሲጨርስ ጠሩትና «ልጄ፣ ጨዋታህ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሲስቅ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ አልስቅም» አሉት። ይህ መልስ ነው። ሰምተው ነው የመለሱት፤ ለግጥሙ የሚገባውን ሰጥተው የራሳቸውን አስቀሩ። እሱም እጅ ነስቶ ተቀበለ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው፤ ከቤቱ አንድም ሰው ያልጎደለበት፣ ማታ ማታ ጠጅ ቤት ተቀምጦ የሚንከተከት፣ ጠዋት ግን የእኒያን እናት ሐዘን እንደ ጋሻ አንስቶ «አታፍርም?» የሚለው። ሐዘንተኛ ዝም በል ሲል ዝም ይባላል። ሐዘንን ተበድሮ የሚያፍን ሰው ግን ምን ሥልጣን አለው? ደግሞ ይህ ሕዝብ በለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ፣ ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ፣ ሟቹ ያደርገው የነበረውን አስቂኝ ነገር እያነሣ ይስቅ የነበረ ሕዝብ ነው። ከየት ያመጣነው ቁጥብነት ነው ይህ?

እና መልሱለት። ባነበባችሁት ልክ መልሱለት። የቱ ጋ እንደሳቃችሁ ንገሩት፤ «ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነው፣ ሚስትየዋ ምጣዱን ስታነሣ» በሉት። የቱ ጋ እንዳዛጋችሁም ንገሩት። ካላነበባችሁ «አላነበብኩም» በሉ፤ ይህም ክብር ነው። ቢያኮርፍ ያኩርፍ። መሪጌታን ሁለት ቀን አኩርፏቸው ነበር፤ ሦስተኛው ቀን አዲስ ግጥም ይዞ ደጃቸው ላይ ቆሟል።

እኔም ከዚሁ ልጀምር። ወዳጄ፣ ያ የባሕር ዛፉ ታሪክህ ሰሞኑን እየዞረ ነው፤ ሁሉም «ድንቅ ነው» እንዳለህ ሰምቻለሁ። አይደለም፤ ገና ነው። ገበሬው ችግኙን በሌሊት እየሰረቀ ከሚስቱ ተደብቆ ሲተክል የሚለው ክፍል ብቻዬን አስቆኛል። ግንዲላውን የሚጭነው ነጋዴ ግን ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ያንኑ ይናገራል፤ አንዱ ይበቃል። የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር ከነጭብጨባው ይውጣ፤ እሱን በየስብሰባው በነጻ እንሰማዋለን። አህያዋ ግን አራት መስመር ብቻ ነው የሰጠሃት፤ ከባለቤቷ ይልቅ የምታስቀው እሷ ናት። መጨረሻው ላይ ገበሬው «ተማርኩ» የሚለውንም ሰርዘው። ምንም አልተማረም፤ በማግስቱ ሌላ ችግኝ ሲገዛ አይቼዋለሁ።