ከነሙሉ ሶፍትዌሩ

ጋዜጠኝነት የተማርኩ ልጅ ስለ ሰርቨር ምን አገባኝ? እኔም ራሴን ስጠይቅ የከረምኩት ይህንኑ ነው። በትንሽ መሥሪያ ቤት የሠራችሁ ግን ታውቁታላችሁ፤ አንዴ የሥራ አስኪያጁን ፕሪንተር ካስተካከላችሁ የአይቲ ኃላፊ ሆናችኋል። ሹመቱ በደብዳቤ አይመጣም፤ ደመወዝም አይጨምርም።

ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ለመግዛት ሲነሳ «አንቺ ልጅ፣ ስፔሲፊኬሽኑን አንቺ ጻፊው» ተባልኩ። ሠላሳ ሰው ነን። አንድ ሌሊት ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አደርኩና «ሁለት ፕሮሰሰር፣ እያንዳንዱ ባለ 16 ኮር» ብዬ ጻፍኩ። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ሠራተኛ እንደማለት ነው፤ ሠራተኛ ከበዛ ሥራው ይፈጥናል አልኩ። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ ርካሹ አሸነፈ። ሻጩን ስለ ሶፍትዌሩ ስጠይቀው «እህቴ፣ እሱን ለእኛ ተይው፤ ሁሉንም ጭነን ነው የምናስረክበው» አለኝ። ደረሰኙ ላይም «ሰርቨር ከነሙሉ ሶፍትዌሩ፣ ብዛት 1» ተብሎ ተጻፈ። እፎይ አልኩ።

ዓመት ሳይሞላ፣ አብሮን ሊሠራ ያሰበ የውጭ ድርጅት ኦዲተር ላከብን። ሴትዮዋ መዝገቡን ሁሉ ካገላበጠች በኋላ በትሕትና «የሰርቨሩን የላይሰንስ ማስረጃ ባየው?» አለች። ሥራ አስኪያጁ ደረሰኙን ሰጧት። አነበበችውና «ይሄ የዕቃው ደረሰኝ ነው» ብላ መለሰችላቸው። እሳቸው ዞር ብለው እኔን አዩኝ። የተጫነልን ክራክ ነበር። ውሉ ሦስት ወር ተጓተተ፤ ደመወዙ በዚያ ውል ላይ የተንጠለጠለ አንድ ባልደረባችን ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጣ። ማንም ጣቱን አልቀሰረብኝም። ስፔሲፊኬሽኑ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

በደንብ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ ማወቅ የነበረብኝን በመጨረሻ አወቅሁት፤ ሰርቨር ስትገዙ የራሳችሁ የሚሆነው ዕቃው ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ላይ የምትገዙት የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱ ደግሞ የራሱ አቆጣጠር አለው።

ዊንዶውስ ሰርቨርን እንውሰድ። ድሮ ፈቃዱ የሚቆጠረው በፕሮሰሰር ነበር፤ ከ2016 እትም ጀምሮ ግን በኮር ሆነ። በተለመደው አገዛዝ በማሽኑ ውስጥ ያለው ኮር በሙሉ ይቆጠራል፤ ለአንድ ፕሮሰሰር ከ8፣ ለአንድ ሰርቨር ደግሞ ከ16 ኮር በታች መግዛት አይቻልም። እንግዲህ አስሉት፦ ባለ 8 ኮር አንድ ፕሮሰሰር ይበቃን ነበር፤ የምንከፍለውም የ16 ኮር ይሆን ነበር። እኔ በአንድ ሌሊት ጥናት 32 ኮር አዘዝኩና የፈቃዱን ዋጋ እጥፍ አደረግሁት። ፈጣን ሰርቨር ያዘዝኩ መስሎኝ ያዘዝኩት ትልቅ ዕዳ ነበር።

በዚህ አያበቃም። ሰርቨሩን የሚጠቀም እያንዳንዱ ሰው፣ ወይም እያንዳንዱ ኮምፒውተር፣ «ካል» የሚባል የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሦስት ሰው በፈረቃ አንድ ኮምፒውተር የሚጋራበት ቤት በኮምፒውተር ቢገዛ ይረክስለታል፤ አንድ ሰው ላፕቶፕም ዴስክቶፕም የሚጠቀምበት ቤት በሰው ቢገዛ ይሻለዋል። ከሩቅ ሆኖ በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚሠራ ደግሞ ሌላ ካል ይጨመራል። ስታንዳርድ የሚባለው እትም በአንዱ ማሽን ላይ ሁለት ቨርቹዋል ሰርቨር ይፈቅዳል፤ ሦስተኛ ካስፈለጋችሁ ኮሮቹን ሁሉ እንደገና ትከፍሉባቸዋላችሁ። ከማሽኑ ጋር በርካሽ የሚሸጠው «ኦኢኤም» የሚባለው ፈቃድ ደግሞ ከዚያው ማሽን ጋር የተጋባ ነው፤ ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይቀበራል።

ሌሎቹም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። የኦራክል ስታንዳርድ ኤዲሽን 2 ዳታቤዝ የሚፈቀደው ቢበዛ ሁለት የፕሮሰሰር መሰኪያ ባለው ሰርቨር ላይ ነው፤ አራት መሰኪያ ያለው ገዝታችሁ ሁለቱን ባዶ ብትተዉም ጥፋት ነው። ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ብሮድኮም ገዛው፤ በሚቀጥለው ወር የዘለቄታ ፈቃድ መሸጡ ቆመና ነገሩ ሁሉ በኪራይ ሆነ። ዕቃው ራሱ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል፦ በኤችፒ ሰርቨሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ ስክሪኑን ከሩቅ ሆኖ ለማየት የሚከፈልበት የአይ.ኤል.ኦ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰርቨር ክፍሉ ሌላ ሕንፃ ላይ ሆኖ ይህን ማወቅ በእኩለ ሌሊት ታክሲ ፍለጋ መውጣት ነው።

«በዚህ አገር ማን ይጠይቀናል?» የምትሉ አላችሁ፤ እኔም ብዬ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል። ግን ሕጉን እንተወው። ክራኩን ለማሠራት የሚጫነው ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው የሚገባው፤ እዚያው ሰርቨር ላይ የሠላሳ ሰው ደመወዝና የደንበኞች መረጃ አለ። ቤቱን ለማናውቀው ሰው ከፍተን «ቁልፉ በነፃ ነው» እያልን ነው።

ዋጋው እንደሚያስለቅስ አልክድም። ፈቃዱ የሚተመነው በዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። መክፈል ካልቻልን ግን መስረቅ ብቸኛው መንገድ አይደለም። እኛ የሰነድ መጋሪያውን ወደ ሊኑክስ፣ ወደ ዴቢያንና ሳምባ አዛወርነው፤ ለፈቃድ ምንም አልከፈልንም። የሒሳቡ ፕሮግራም ያለ ዊንዶውስ አልሠራም ስላለ ባለ 8 ኮር ትንሽ ማሽን ከነኦሪጅናል ፈቃዱ ገዛን፤ የሚጠቀሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ ካሉም አራት ነው። ሊኑክስ ነፃ ነው ሲባል ሐሳብ የለበትም ማለት አይደለም። እስከ 2029 ድጋፍ ይኖረዋል ተብሎ የነበረው ሴንትኦኤስ 8 እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ድጋፉ ሲቋረጥ ብዙዎች ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

ሻጩን ብቻ አልወቅስም። «ከነሙሉ ሶፍትዌሩ» የሚለውን ቃል ሁላችንም ወደነው ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ርካሽ ስለሆነ፣ እኔ አላወቅሽም እንዳልባል። የኛ ትውልድ ቴክኖሎጂ ያውቃል ይባላል። እኔ ግን የማውቀው መጫን ነበር፤ መጠየቅን አላውቅበትም ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ስፔሲፊኬሽን የምትጽፉት እናንተ ከሆናችሁ ከዕቃው በፊት ሶፍትዌሩን ምረጡ፤ ኮሩን የሚወስነው እሱ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ዕቃው፣ ፈቃዱ፣ ካሉና ድጋፉ በየራሳቸው መስመር፣ በየራሳቸው ዋጋ ይጻፉ። ፈቃዱ በመሥሪያ ቤቱ ስም መሆኑን፣ የዘለቄታ ይሁን የዓመት ኪራይ፣ ማሽኑ ሲቀየር ይዛወር እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ሻጩ «እሱን ለእኛ ተይው» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

እስኪ ነገ ቢሮ ስትገቡ የሰርቨራችሁን ደረሰኝ ከፋይሉ አውጥታችሁ አንብቡት። ኦዲተሯ ሳትመጣ።